የጎደለው ሃያ ሜትር ኩብ

ጥር 6

ሚጡ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እንቅልፌና ስለ ጉልበቴ ጠይቀሽ፣ ዋናውን ነገር ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በአራት መስመር አስቀመጥሽው። ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደነበረ ነው። አሁን ወደ አራቱ መስመሮች እንሂድ።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ታውቂያለሽ። አባባን ከቀበርን ወዲህ ሳንጯጯህ የዘጋነው ስልክ ካለ ንገሪኝ። በጽሑፍ ይሻላል። በጽሑፍ ቢያንስ ቁጥር አይደባለቅም።

ሐሳብሽን አልነቅፍም። ቀለሞቹን በሳምንቱ ቀናት ደልድለሻል፤ ሰኞ ክሬም፣ ማክሰኞ ቢጫ፣ ረቡዕ ሰማያዊና ቡናማ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ጥቁር። ከነጣው ወደ ጠቆረው ስለምትሄጂ የዛሬው የመጨረሻ እጥበት ውሃ አይደፋም፤ በማጠራቀሚያ ይቆይና ለነገው የመጀመሪያ እጥበት ይሆናል። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛ በፈለገው ቀን የፈለገውን ቀለም ነከረ። ዛሬ ጥቁር፣ ነገ ነጭ፤ ስለዚህ ውሃው ሁሉ ይደፋ ነበር። እኔ እዚያ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ኬሚስት ሆኜ ይህን አላሰብኩትም። አንቺ የኬሚስትሪ ደብተር ገልጠሽ የማታውቂው አሰብሽው። ይኸው ጻፍኩት፤ ደግሜ አልጽፈውም።

የማልቀበለው ሒሳብሽን ነው። በጥቁር ቀን ዘጠና ሜትር ኩብ ይደፋ የነበረው አሁን ወደ ስድሳ ወርዷል ትያለሽ። ይሁን። ከጥቁሩ ገንዳ ስድሳ ተለቆ ማጣሪያው ገንዳ የሚደርሰው ግን አርባ ነው ትያለሽ። ሃያ ሜትር ኩብ መቶ በርሜል ነው። መቶ በርሜል በኪስ ተይዞ ከግቢ አይወጣም። ቆጣሪሽ ውሸታም ነው። አውልቀሽ ልኩ በታወቀ በርሜል ፈትኚው። ሰንጠረዥሽ ላይ ሃያውን በቀይ ከብቤ «ስህተት» ብዬበታለሁ፤ ስታስተካክዪ እመልስልሻለሁ።

ተቆጣጣሪዋ ለምን ይህን ያህል ታጠብቃለች ላልሽው፣ ሥራዋ ስለሆነ ነው። መጋቢት 28 መጥታ የተለቀቀውና የደረሰው ውሃ ካልገጠመላት ፈቃዱ አይታደስም፤ በሩ ይታሸጋል፤ ስድሳ ሦስት ሠራተኛ ቤቱ ይገባል። እኔም እዚህ በምመራው የውሃ ላቦራቶሪ ባለፈው ዓመት አንድ የሳሙና ፋብሪካ በአራት ሜትር ኩብ ልዩነት አሳሽጌያለሁ። ባለቤቱ ቢሮዬ መጥቶ አለቀሰ። ቁጥሩ ግን አላለቀሰም።

ስለ አባ ቫልቭ የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛን በፋብሪካ ጉዳይ አታድክሚው። አርጅቷል፤ የሚናገረውን አያውቅም።

ወንድምሽ

ጥር 21

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? አዎ፣ አሁንም በሰላምታ ጀመርኩ። ወረቀቱም እስክሪብቶውም የኔ ነው። «ጉልበቴ እንደነበረ ነው» ማለት ያማል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቅባቱን ተቀባ።

ቆጣሪውን አወለቅነው። በሁለት መቶ ሊትር በርሜል አሥራ አንድ ጊዜ ሞልተን አሥራ አንድ ጊዜ ደፋን። የሳተው በበርሜል ግማሽ ሊትር ነው። ሌላ ቆጣሪ ተውሼ አስገባሁ፤ እሱም አርባ ይላል። ውሸታሙ ቆጣሪው አይደለም ጋሼ።

ደንበኞቹ እንዴት እሺ አሉ ብትለኝ፣ እሺ አላሉም። ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ነው የተሟገትኳቸው። አንዱ «አባትሽ ሲሞት ፋብሪካው አብሮ አበደ እንዴ?» አለኝ። «አባቴ ነገ ይልህና በሁለት ሳምንት ይሰጥሃል። እኔ ሐሙስ ካልኩህ ሐሙስ ነው» አልኩት። የሐዘን ልብስ የምትሸጠዋ ሴትዮ ደግሞ «ታዲያ አልጋ የያዘውን ጎረቤቴን እስከ ሐሙስ ታገሥ ልበለው?» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። በኋላ ግን «እስቲ ሐሙስ እናይሻለን» አለች። ሐሙስ አደረስኩላት። ከአሥራ ዘጠኝ ደንበኛ አራቱ ሄዱ፤ ሁለቱ ተመለሱ።

ለወንዙ ብዬ ብቻ የማደርገው እንዳይመስልህ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፋው ትልቁ ገዢ «የፍሳሽ ወረቀት የሌለው ፋብሪካ ጋ ጨርቄን አልሰጥም» ብሏል። አባባ ቢሆን «ገደል ይግባ» ይለው ነበር። እኔ ግን ቤት ገብቼ ሳስበው፣ ሰውየው ሊገዛኝ የፈለገው የማልደፋውን ውሃ ነው። የማልደፋውን መሸጥ ከቻልኩ ለምን እደፋለሁ? ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው። ወንዙ የታየኝ በኋላ ነው፤ ሳላፍር ነው የምነግርህ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሒሳቡ ይገጥማል። ሃያው የሚጠፋው ጥቁሩ ገንዳ በሚለቀቅባቸው ሦስት ቀናት ብቻ ነው። ውሃ ቀለም ይመርጣል እንዴ? የማጣሪያውንና የገንዳውን ንድፍ ላክልኝ፤ ካልሆነ የገንዳውን ወለል እንቆፍር።

ታናሽህ

የካቲት 3

ሚጡ፣

ውሃ ቀለም አይመርጥም። እንዲህ ያለውን ቀልድ ለደንበኞችሽ አቆዪው።

ትነቱን ቆጥረሻል? ጥቁር የሚነከረው በፈላ ውሃ ነው፤ እንፋሎቱ በጣሪያ ይወጣል። ጨርቁስ የጠጣው ውሃ? መዝነሽዋል? ሳትመዝኚ አትጻፊልኝ።

ንድፉን ላክልኝ ላልሽው፣ የለኝም። ቤት ስቀይር ጠፍቷል። ማጣሪያውንም የጥቁሩን ገንዳ ወለልም የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልግሽም። «ልጄ የሠራው ማጣሪያ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም» እያለ አባባ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራ ነው ያደግሽው።

ወለሉን እንቆፍር የሚለውን ሐሳብ ግን ተዪው። ሥራ ትፈቻለሽ፤ ሐሙስ ያልሻቸው ሰዎች ሐሙስ አያገኙም፤ ስምሽ ይበላሻል። ደግሞም በፋብሪካ ሥራ አጥብቄ የምጠላው ሰው ቢኖር የራሱን ቁጥር ሳያጠራ የሌላውን ወለል የሚጠራጠር ነው። የራስሽን ስህተት መጀመሪያ ፈልጊ።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የተሻለው ይኼኛው ነው። ይቅርታ።

ወንድምሽ

የካቲት 17

ጋሼ፣

እንደምን ነህ? ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ካንተ የመጣ የመጀመሪያው ስለሆነ ቀኑን ደብተሬ ላይ መዝግቤዋለሁ።

ጨርቁን ደረቁንም እርጥቡንም መዘንኩት። እንፋሎቱንም እንዳልከኝ አሰላሁት። ከስድሳው ላይ አስቀድሜ የቀነስኩት መሆኑን ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ጽፌልህ ነበር፤ አላየኸውም። አሁንም ሃያው የለም።

አትሂጂ ብለኸኝ ነበር፤ ሄድኩ። አባ ቫልቭ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ቧንቧ ይጠግናል። አርጅቷል ያልከው ሰውዬ የቧንቧ ጥርስ ለመቁጠር መነጽር አያስፈልገውም።

«አባ ቫልቭ፣ ጥቁሩ ገንዳ ሥር ምን አለ?» አልኩት።

«መሬት አለ።»

«ከመሬቱ በላይስ?»

«ወለል አለ። ምነው ልጄ፣ ልትፈትኚኝ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«ሃያ ሜትር ኩብ ውሃ ጠፍቶብኛል።»

እጁ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ወንድምሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ይቆጣል።»

«ካልተቆጣ ነው የሚያሳስበው» አለኝ። ቀጥሎ «እሱን ጠይቂው። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን የተቀበለኝ ሰው ካልመለሰልኝ አፌን አልከፍትም» አለ።

ምን ቃል ነው? ልለቀው ስላልፈለግኩ ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ ተከተልኩት። ወንዙ ከቤቱ ጓሮ ነው የሚያልፈው። መንደሩ በሙሉ ከዚያ ይቀዳል፣ ያጥባል፣ ጎመኑን ያጠጣል። እሱ ግን በሁለት ጀሪካን ወንዙን አልፎ ዳገቱን ወጥቶ ከላይኛው ሠፈር ቧንቧ ይቀዳል። አንዲት ጎረቤቱ ከወንዙ ዳር ሆና «ጌታው! ዛሬም የኛ ውሃ አልመጥንዎ አለ?» ብላ ጮኸችበት፤ ሌሎቹ ሳቁ። ስሙ እዚያ መንደር «ጌታው» ነው ለካ። እሱም ሳቀና መንገዱን ቀጠለ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ልማድ ነው» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ስለው «ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው» አለ።

ጋሼ፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ምን ሆነ?

ታናሽህ

የካቲት 24

ሚጡ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ከአባ ቫልቭ ቤት እስከ ላይኛው ሠፈር ቧንቧ ስንት እርምጃ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ይወጣል? ገምተሽ አትጻፊልኝ፤ ቆጥረሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 1

ጋሼ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ አንተም ጠይቀኸኝ አታውቅም።

አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ እርምጃ፣ ዳገት። ጧት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። ሲመለስ ሦስት ቦታ ያርፋል።

ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ ሃያ ሰባት ቀን ቀርቷል።

ታናሽህ

መጋቢት 8

ሚጡ፣

ንድፉ አልጠፋም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው የኖረው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፏል። በእርሳስ የተሠመረውን መስመር ተከተዪ፤ ከጥቁሩ ገንዳ ቀኝ ጥግ ሁለት ሜትር ከአሥር ርቀሽ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሪ። እዚያ ቫልቭ አለ። ከገንዳው ከሚለቀቀው ውሃ ሲሶው በዚያ ይወጣል። ከዘጠናው ሠላሳ ይሄድ ነበር፤ ከስድሳው ሃያ ይሄዳል። ወጥቶ ወንዙ ውስጥ የሚፈሰው ከአባ ቫልቭ ቤት በላይ ነው።

ማጣሪያውን ስነድፍ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። የቀለሙ መምሪያ መጽሐፍ ጥቁር ጨርቅ ሦስት ጊዜ ይታጠባል ይላል። አንድ እጥበት አሥራ አምስት ሜትር ኩብ፣ መንከሪያውም አሥራ አምስት፣ ድምሩ ስድሳ። በስድሳ ነደፍኩት። ሠራተኞቹ ግን ሁልጊዜም አምስት ጊዜ ነበር የሚያጥቡት፤ በሦስት እጥበት ጥቁር ውሃ ማንጠባጠቡን አያቆምም። ቢሮዬ ከገንዳው አርባ እርምጃ ቢርቅ ነው። አንድ ቀን ወርጄ፣ ቆሜ፣ አንድ ሁለት ብዬ ብቆጥር ኖሮ ይበቃ ነበር። የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ ከመጽሐፍ ቆጠርኩ።

አባባ እንግዳ ጠርቶ ባስመረቀው በሦስተኛው ቀን ማጣሪያው ሞልቶ ፈሰሰ። አባባ «ምን ሆነ?» አለኝ። «ውሃውን የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ተጣብቆ ነው» አልኩት። አመነኝ። ከዚያ በኋላ ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ። እሑድ ቀን ፋብሪካው ሲዘጋ እኔና አባ ቫልቭ ወለሉን ሰብረን ቧንቧውን ቀበርነው። «ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ ሰፊ ማጣሪያ እሠራለሁ፤ እኔ ራሴ እስክናገር ለማንም እንዳትናገር» ብዬ ቃል አስገባሁት። አንቺ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ምሳ ይዘሽልን መጣሽ፤ በር ላይ ጮኼ መለስኩሽ።

በዓመቱ ሥራ አግኝቼ ወደዚህ መጣሁ። ለትልቅ ሥራ ሄደ ተባለልኝ። የሸሸሁት ያንን ወለል ነው።

እዚህ የሰው ማጣሪያ እለካለሁ። ልክ ያልሆነ ቁጥር ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሠራተኞቼ «በሥራው ቀልድ አያውቅም» ይሉኛል። አንቺ ሃያ ብለሽ ስትጽፊልኝ ገና ደብዳቤውን ሳልጨርስ የት እንደሄደ አውቄው ነበር። «ስህተት» ብዬ በቀይ የከበብኩት እያወቅኩ ነው።

ለአባ ቫልቭ ይህን መስመር አንብቢለት፤ ቃልህን መልሼልሃለሁ፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት መመለስ ነበረብኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም። ቧንቧውን ዝጊው።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 4

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤህ የደረሰኝ መጋቢት 13 ነው። ሳልመልስልህ የቆየሁት ተናድጄ ነው። ተናድጄ ስጽፍ አንተን እመስላለሁ፤ ያንን አልፈለግኩም።

ያንን እሑድ አስታውሰዋለሁ። ጮኸህብኝ የማታውቀው ሰውዬ የጮኽክብኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ምን አጠፋሁ እያልኩ ነው ያደግኩት። አሁን ገባኝ።

ሁለት ሜትር ከአሥር ያልከው ልክ ነበር። አባ ቫልቭ መጣ። መስመሯን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም፤ ቫልቩን ራሱ ዘጋው፣ ቧንቧውን ራሱ ቆርጦ ደፈነው። ሲጨርስ የተቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩለት።

ሐሙስ ጥቁሩን ገንዳ ስንለቅ ማጣሪያው ጠርዝ ላይ ቆሜ ነበር። ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ ጠርዙ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ስድሳ። ለዘጠና ያነሰው ማጣሪያህ ለስድሳ በቃ። ያጠብነው እንደ ድሮው አምስት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በረቡዕ ውሃ አጠብናቸው፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ ለዓርብ አቆየናቸው።

ተቆጣጣሪዋ ሦስት ቀን ቆጠረች። ስድሳ ተለቀቀ፣ ስድሳ ደረሰ። «ጎበዝ» ብላኝ እስክሪብቶዋን አወጣች። ዝም ብል ያልቅ ነበር። ግን ከዚያ በፊት ለስድሳ ሦስቱም ነግሬያቸው ነበር። ዝም እንበል ያሉ ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። የነጣው ቀለም ክፍል ኃላፊ ግን ተነሥታ «እታች ያለነው እኮ እኛው ነን። ጎመኑን የምናጠጣው እኛው ነን» አለች። ከዚያ በኋላ እንድነግራት ተስማማን።

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን መልሳ ከደነችው። ወለሉን አየች፣ የተቆረጠውን ቧንቧ አየች፣ ወንዙ ድረስ ወረደች። ፈቃዱን የሰጠችን ለሦስት ወር ብቻ ነው። አፈሩና ጎመኑ እስኪመረመር ድረስ ለመንደሩ ውሃ በቦቴ የምናቀርበው እኛ ነን። ምርመራው የከፋ ነገር ካመጣ በሩ ይታሸጋል። ዩኒፎርም አሰፊው ደውሎ «እጠብቃለሁ» አለኝ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም።

መንደሩ ውስጥ አባ ቫልቭን የሚያናግረው የለም። «ያውቅ ነበር፤ ለራሱ ብቻ ተጠነቀቀ» ይሉታል። ልክ ናቸው። ቦቴው ሲመጣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ አየሁት። ዳገቱን ግን አሁን አይወጣም።

አብሮ የተላከልህ ቅጽ ከተቆጣጣሪዋ የመጣ ነው። «ቧንቧውን የነደፈው» የሚል መስመር አለው። በአሥር ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ብዙ ሰው አባባን ጻፊው አለኝ፤ ሞቷል፣ ማንም አይከሰውም፣ ማንም ከሥራ አያባርረውም። መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁ። ምን እንደምትጽፍ አልነግርህም።

ታናሽህ

ሚያዝያ 11

ሚጡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የነጣው ቀለም ክፍል ኃላፊ እንደምን ናት፣ ቤተሰቧስ? አባ ቫልቭ ጉልበቱ እንዴት ነው? ሐዘን ልብስ የምትሸጠዋ ሴትዮ ጎረቤትስ ተሻለው? መልሱን በደብዳቤ አትላኪልኝ። መጥቼ እጠይቃለሁ።

ቅጹን ሞልቼዋለሁ። ሙሉ ስሜንና የሥራ ኃላፊነቴን ጽፌያለሁ። «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «ነዳፊው እጥበቱን ሳይቆጥር ሦስት ነው ብሎ ገመተ፤ ስህተቱን ሲያውቅም ደበቀው» ብያለሁ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ሌላ አልጨመርኩም። አንዱን ቅጂ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይህን ማንም አልጠየቀህም እኮ» አለኝ። ማንም አለመጠየቁ ነው ሃያ ስድስት ዓመት ያቆየው አልኩት። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

የሳሙና ፋብሪካውን ፋይል አውጥቼ እንደገና አየሁት። ቁጥሩ ልክ ነበር። ማልቀሱም ልክ ነበር። እሱ ተሳስቻለሁ ብሎ ነበር የመጣው፤ ያንን የሚጻፍበት ዓምድ ስላልነበረ አልጻፍኩለትም።

ሐሙስ ጧት እደርሳለሁ። መጀመሪያ ገንዳው ጋ ቆሜ እጥበቱን እቆጥራለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው። ከዚያ ወደ ታች እወርዳለሁ። ቦቴው ሲመጣ ከአባ ቫልቭ ኋላ ጀሪካን ይዤ እሰለፋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለ የተጠየቅኩትን እመልሳለሁ፤ የሚሰድበኝ ካለም እሰማለሁ። አንቺ አብረሽኝ አትምጪ። ሥራሽ ላይ ሁኚ፤ ሐሙስ ያልሻቸው ሰዎች ሐሙስ ያግኙ።

በጥር የላክሽልኝን ሰንጠረዥ መልሼልሻለሁ። በቀይ የጻፍኩትን ሰርዤዋለሁ። ሒሳብሽ ልክ ነበር።

ወንድምሽ